ገጽ ለገጽ፦ የሁለት ቋንቋ መጽሐፍና የገጽ ቅንብር ሶፍትዌር ከማኪንድዬ ሲታዩ

በካምፓላ ማኪንድዬ ክፍለ ከተማ፣ በተለይም በካባላጋላና በካንሳንጋ፣ አማርኛና ትግርኛ ከሉጋንዳና ከእንግሊዝኛ ጋር አንድ ግድግዳ ተጋርተው ይኖራሉ። የምግብ ቤቱ ስም በግዕዝ ፊደል ከላይ፣ በላቲን ፊደል ከሥር ይጻፋል፤ ሰሌዳ ጻፊው ቦታውን በዓይኑ ለክቶ ለሁለቱም ያከፋፍላል፤ የሚቸገርበት ነገር የለም። ችግሩ የሚመጣው ጽሑፉ ከሰሌዳ አልፎ መጽሐፍ ልሁን ሲል ነው። ለአዲስ መጤ የሚዘጋጅ የሉጋንዳ መማሪያ፣ በስደት ለተወለዱ ልጆች የሚታሰብ የንባብ መጽሐፍ፣ የዕድር መተዳደሪያ ደንብ፣ የጸሎት መጽሐፍ፣ ሁሉም የሚጠይቁት አንድ ነገር ነው፤ በግራ ያለው ዓረፍተ ነገር በቀኝ ካለው አቻው ጋር ፊት ለፊት እንዲገናኝ። አማርኛ ለዚህ ግንኙነት ቀድሞ ያዘጋጀው ቃል አለ፤ «ገጽ ለገጽ»። ገጽ ፊት ነውና፣ መጽሐፍ በተከፈተ ቁጥር ሁለት ፊቶች ይተያያሉ።

የገጽ ቅንብር ሶፍትዌር ግን ገጽን በፊትነቱ አያውቀውም። ለእሱ ገጽ ዕቃ ነው፤ አንድ ረጅም ጽሑፍ እየፈሰሰ የሚሞላው፣ ሲሞላም ሌላ ዕቃ ከኋላው የሚያስከትል። መጽሐፍ አንድ ጅረት ብቻ አለው የሚለው ግምት በፕሮግራሙ የገጽ አስተዳደር ውስጥ ሳይነገር ተቀምጧል። በሁለት ቋንቋ የሚሠራ አቀናባሪ የሚገጥመው አብዛኛው ስሕተት የሚወለደው ከዚህ ግምት እንጂ ከእጁ ጉድለት አይደለም። አብዛኛው ማለት ግን ሁሉም ማለት አይደለም፤ የእጁም ድርሻ በቦታው ይነሣል።

የግምቱ ምንጭ ሩቅ አይደለም። አልደስ የተባለው ኩባንያ ፔጅሜከርን እ.ኤ.አ. በ1985 ሲያወጣ፣ ኳርክ ኤክስፕረስም በ1987 ሲከተል፣ የታሰቡላቸው ሥራዎች በአንድ ቋንቋ የሚወጡ የቢሮ ጽሑፎች፣ ማስታወቂያዎችና መጽሔቶች ነበሩ። አዶቢ አልደስን በ1994 ጠቅልሎ በ1999 ያቀረበው ኢንዲዛይንም ሆነ በነፃ የሚታደለው ስክራይበስ የወረሱት ይህንኑ አስተሳሰብ ነው። አልደስ ስሙን የወሰደው በቬኒስ ከነበረው አታሚ ከአልዱስ ማኑቲዩስ ነው፤ ይህ ሰው ደግሞ የግሪክኛን ጽሑፍ ከላቲን ትርጉሙ ጋር እያስተያየ ያሳትም ነበር። ስሙ ተወረሰ፤ ልማዱ ቀረ።

የገጽ አስተዳደሩ አሠራር ባጭሩ ይህን ይመስላል። በአንድ ጠባብ መስኮት የመጽሐፉ ገጾች በትናንሽ ሥዕል ተደርድረው ይታያሉ፤ ከእነዚህ በላይ የሁሉም መልክ የሚቀዳበት «ማስተር ፔጅ» አለ። ኅዳጉ፣ ራስጌው፣ ግርጌው፣ የገጽ ቁጥሩ የሚቀመጥበት ስፍራ በእሱ ላይ አንድ ጊዜ ይሠራል፤ በሥሩ ያሉ ገጾች ሁሉ ይወርሱታል። (ኢንዲዛይን ከ2021 መጨረሻ ጀምሮ ስሙን ቀይሮ «ወላጅ» ብሎታል፤ በአማርኛ «እናት ገጽ» ቢባል ያስኬድ ነበር፤ የአቀናባሪው አፍ ግን ዛሬም ማስተር ፔጅ ይላል።) ጽሑፉ በሳጥን ውስጥ ይገባል፤ ሳጥኖቹ እርስ በርስ በሰንሰለት ይያያዛሉ፤ አንዱ ሲሞላ የተረፈው ወደሚቀጥለው ይፈስሳል። በ2008 በወጣው እትም ደግሞ ጽሑፉ ሲረዝም ገጽ በራሱ የሚጨመርበት፣ ሲያጥርም የሚቀነስበት ዘዴ ተጨመረ። ለልብ ወለድ ጸሐፊ ይህ ትልቅ ዕረፍት ነው።

ለሁለት ቋንቋ መጽሐፍ ግን ዕረፍቱ መከራ ይሆናል። በኢንዲዛይን አንድ እናት ገጽ ዋና ተብሎ የሚታወቅ አንድ የጽሑፍ ጅረት ብቻ ነው የሚኖራት። አማርኛው ዋና ከሆነ ሉጋንዳው እንግዳ ነው፤ ሰንሰለቱ በእጅ፣ ከገጽ 3 ወደ 5፣ ከ5 ወደ 7 እየተዘለለ መያያዝ አለበት። አማርኛው ረዝሞ ፕሮግራሙ አዲስ ገጽ በጨመረ ጊዜ ሉጋንዳው አይከተለውም። ከዚህ የከፋም አለ። በመካከል አንዲት ነጠላ ገጽ ስትገባ፣ ገጾች ቦታቸውን እንዲለዋወጡ የሚፈቅደው ምርጫ ካልተዘጋ በቀር (ፕሮግራሙ ሲከፈት ክፍት ሆኖ ነው የሚጠብቀው) ከዚያች ገጽ በኋላ ያለው ግራ ሁሉ ቀኝ፣ ቀኙም ግራ ይሆናል። ራስጌው የሚወረሰው በወገን ስለሆነ «አማርኛ» የሚለው አርእስት በሉጋንዳው ላይ ያርፋል። በአንድ ቋንቋ መጽሐፍ ይህ የመልክ መዛባት ብቻ ነው፤ በሁለት ቋንቋ መጽሐፍ ግን የትርጉም መዛባት ነው። ቋንቋውን ገና የሚማረው አንባቢ «ውኃ» ለሚለው ቃል አቻ ብሎ የሚይዘው ከፊቱ ያገኘውን ነው፤ ከፊቱ ያገኘው «እሳት» ከሆነ እሱን ይዞ ይሄዳል።

የገጽን ፊትነት ከቴክኖሎጂው ዕድሜ በፊት የነበረው ባህል በሚገባ ያውቀው ነበር። በቫቲካን ቤተ መጻሕፍት የሚገኘውና ከግብፅ ገዳም የወጣው የ14ኛው ክፍለ ዘመን የባርበሪኒ ባለብዙ ቋንቋ መዝሙረ ዳዊት ግዕዝን፣ ሱርስትን፣ ቅብጥን፣ ዐረብኛንና አርመንኛን በአምስት ዓምድ ያስተያያል፤ ከቀኝ የሚጀምሩትና ከግራ የሚጀምሩት ጽሑፎች ሳይጋጩ አንድ ገጽ ይጋራሉ። ዮሐንስ ፖትከን በ1513 በሮም በግዕዝ ፊደል መዝሙረ ዳዊትን ካሳተመ ከአምስት ዓመት በኋላ በኮሎኝ በአራት ቋንቋ ደግሞ አወጣው፤ ግዕዙን «ከለዳዊ» ብሎ በስሕተት ቢጠራውም ዕብራይስጡን፣ ግሪኩንና ላቲኑን ከጎኑ በሥርዓት አስቀምጦታል። በ1657 የተፈጸመው የለንደኑ ባለብዙ ቋንቋ መጽሐፍ ቅዱስም መዝሙሩንና አዲስ ኪዳኑን በግዕዝ ጭምር ይዟል። እነዚህ ሁሉ የተሠሩት በእርሳስ ፊደል ወይም በእጅና በቀለም ነው። ጸሐፊው ብራናውን በወስፌ በጎንና በጎን ወግቶ መስመሩን ሲያሰምር የሠራው ሥራ የእናት ገጽ ሥራ ነበር፤ ልዩነቱ ስንት ዓምድ፣ ለስንት ቋንቋ የሚለውን የሚወስነው እሱ መሆኑ ነው። በአንድምታውም ትምህርት የግዕዙ ንባብና የአማርኛው ትርጓሜ ተለያይተው አይሄዱም፤ ንባቡ ሲቆም ትርጓሜው ይናገራል። የግዕዝና የአማርኛ መጽሐፈ ቅዳሴም በጎንዮሽ ዓምድ ሲታተም የኖረ ነው። ሁለት ጅረት በአንድ ገጽ ማስኬድ ለዚህ ፊደል ባለቤቶች ልዩ ጥበብ አልነበረም፤ የዘወትር ሥራ ነበር።

የዛሬው ታላቁ ምስክር ግን ነጋሪት ጋዜጣ ነው። አማርኛው በአንድ ዓምድ፣ እንግሊዝኛው በሌላው፣ አንቀጽ ከአንቀጽ ጋር ተስተያይቶ ይወጣል። ፌዴራል ነጋሪት ጋዜጣን ያቋቋመው አዋጅ ቁጥር ፫/፲፱፻፹፯ ሁለቱ ቋንቋዎች በተለያዩ ጊዜ አማርኛው የበላይነት እንዲኖረው ይደነግጋል። ይህ ድንጋጌ ሲጤን የገጽ ቅንብር ጉዳይም ነው፤ ልዩነት መኖሩ የሚታወቀው ሁለቱ አንቀጾች ጎን ለጎን ሲነበቡ ነውና። መገለተ ኦሮሚያ ደግሞ አፋን ኦሮሞን፣ አማርኛንና እንግሊዝኛን ይዞ ስለሚወጣ ጅረቱ ሦስት ይሆናል። እነዚህን ጋዜጦች የሚያቀናብር ሰው በየገጹ የሚሠራውን ሥራ ፕሮግራሙ አይሠራለትም። አጭሩ ዓምድ ረጅሙን ይጠብቃል፤ ባዶው ቦታ በእጅ ይሞላል፤ አንዲት ቃል በእርማት ስትጨመር ከዚያ በታች ያለው ሁሉ እንደገና ይለካል። የሕግ ጽሑፍ ደግሞ እርማት አያጣም።

ከጅረቱ ቀጥሎ የሚመጣው የቁጥር ነገር ነው። ነጋሪት ጋዜጣ በአማርኛው ዓምድ የአዋጁን ቁጥርና ዓመተ ምሕረቱን በግዕዝ ቁጥር መጻፍ ልማዱ ነው። ዩኒኮድ እ.ኤ.አ. በ1999 የግዕዝን ፊደል በ3.0 እትሙ ሲቀበል ሃያ የቁጥር ምልክቶችም አብረው ገብተዋል፤ ከ፩ እስከ ፱፣ ከ፲ እስከ ፺፣ ከዚያም ፻ እና ፼። ዜሮ የለም። የፕሮግራሙ የገጽ ቁጥር መምረጫ በመደበኛው እትም የሚያቀርበው ግን የተለመዱትን አኀዞች፣ በፊታቸው ዜሮ የተጨመረባቸውን፣ የሮማን ቁጥሮችና የላቲን ፊደላትን ነው። ግዕዝ የለም፤ ሀ፣ ለ፣ ሐም የለም። አንዳንድ አቀናባሪዎች የፎንቱን አኀዞች በግዕዝ ቁጥሮች ቅርጽ በመተካት ሊያመልጡ ይሞክራሉ። እስከ 9 ድረስ ያስኬዳል፤ ገጽ 10 ላይ ሲደረስ ግን ዜሮው የሚለብሰው ቅርጽ ያጣል፤ ገጽ 11ም ፲፩ መሆኑ ቀርቶ ፩፩ ይሆናል። የግዕዝ ቁጥር በቦታ የሚቆጠር ሳይሆን በስም የሚቆጠር ነው፤ ሃያ አራት ፳፬ ነው፣ መቶ አምስት ፻፭ ነው፣ ሦስት መቶ አርባ አምስት ፫፻፵፭ ነው።

መፍትሔው የለም ማለት አይደለም። የድረ ገጽ መልክ የሚሰጠው ሲኤስኤስ የግዕዝን ቁጥር ስሌት በደረጃው ጽፎ አስቀምጧል፤ በኦፕን ታይፕ ፎንትም ውስጥ አኀዞች እንደ ጎረቤታቸው ቅርጻቸውን እንዲለውጡ የሚያደርግ ደንብ መጻፍ ይቻላል፤ እስከ ሦስት አኀዝ ላለ የገጽ ቁጥር ደንቡ ረጅም አይሆንም። ለቋንቋ አጥኚ ይበልጥ የሚስበው ግን ስሌቱ ራሱ የሚያስነሣው ክርክር ነው። በሲኤስኤስ ስሌት ሁለት ሺህ አንድ ፳፻፩ ነው፤ ጥንታዊውም ሥርዓት ይህ ነው። በአዋጆች ላይ የሚታየው ግን ብዙ ጊዜ ፪ሺ፩ ነው፤ ምልክቱና የተነገረው ቃል ተዳቅለዋል። አማርኛ ተናጋሪው «ሃያ መቶ አንድ» አይልምና አንባቢው ያለውን ጽፎታል። የትኛው ይያዝ? ሁለቱንም የሚያስመርጥ ፕሮግራም ያስፈልጋል ቢባል ማጋነን አይሆንም። ከዚህ ጋር ሲተያይ፣ ከሽፋን እስከ ሽፋን አንድም የላቲን ፊደል የሌለበት የአማርኛ ጥናታዊ ጽሑፍ የመቅድሙን ገጾች በትናንሽ የሮማን ቁጥር ሲቆጥር መታየቱ ያሳዝናል። ያ ልማድ የቋንቋው አይደለም፤ የመምረጫው ዝርዝር ነው።

የጅረቱን ርዝመት የሚወስነው ደግሞ የመስመሩ አሰባበር ነው፤ እዚህ ላይ አማርኛና ሉጋንዳ ይለያያሉ፤ ተለያይተውም በአንድ ፕሮግራም ይበደላሉ። በብራናው ዘመን ቃል የትም ይሰበር ነበር። መስመሩ አልቆ ፊደል ቢተርፍ በሚቀጥለው መስመር ይቀጥላል፤ ቃሉ የት እንዳለቀ የሚናገረው ሁለት ነጥብ ነበርና ሰረዝ አላስፈለገም። ሁለት ነጥብ ለክፍት ቦታ ስፍራውን ሲለቅ ይህ ነፃነት አብሮ ጠፋ። ዛሬ «ባለቤት» ከ«ባለ» በኋላ ቢሰበር፣ «ሰውነት»ም ከ«ሰው» በኋላ ቢቋረጥ፣ የመስመሩ መጨረሻ ሙሉ ቃል መስሎ ይነበባል። የዩኒኮድ የመስመር ደንብም የግዕዝን ፊደላት ከላቲኖቹ ጋር በአንድ ምድብ ስለሚያስቀምጥ ፕሮግራሙ የሚሰብረው ክፍት ቦታ ባገኘበት ብቻ ነው። አማርኛ ደግሞ ክፍት ቦታ የሚያበዛ ቋንቋ አይደለም። «እንዳላስተዋወቋቸው» የሚለው አንድ ቃል አሥራ አንድ ፊደል ይዟል፤ እንግሊዝኛ ይህንኑ በስድስት ቃል ይለዋል፤ በመካከላቸውም የሚለጠጡ አምስት ክፍተቶች አሉት። መስመሩ ከዳር እስከ ዳር ይስተካከል ሲባል እንግሊዝኛው መለጠጡን ለአምስት ያካፍላል፤ አማርኛው ግን ያሉትን ሁለት ወይም ሦስት ክፍተቶች እስኪቀደዱ ይስባል። በጠባብ ዓምድ ገጹ ላይ ነጭ ወንዝ ይወርዳል። ሁለት ነጥብን መመለስ ብቻውን አያድንም፤ ፕሮግራሙ የሚለጥጠው ክፍት ቦታን እንጂ ሁለት ነጥብን አይደለምና፣ ከምልክቱ ጋር ክፍት ቦታ ካልተጻፈ መስመሩ በፊደላቱ መካከል መበታተን ይጀምራል።

ሉጋንዳ በተቃራኒው ለመስበር የተፈጠረ ይመስላል። ቀለሞቹ ሁሉ በአናባቢ ያልቃሉ፤ በ1947 የተወሰነው መደበኛ አጻጻፉም ጥብቀትንና የአናባቢ ርዝመትን በፊደል ድርብነት ያሳያል። ስለዚህ ሰረዙ ከአናባቢ በኋላ ይገባል ብሎ አንድ አጭር ደንብ መጻፍ ይበቃል፤ «ኦሙንቱ» (ሰው) የሚሰበረው ኦ፣ ሙ፣ ንቱ ተብሎ ነው። ጽሑፉ በእንግሊዝኛ ደንብ ሥር ከተተወ ግን ፕሮግራሙ «ኦሙን» ላይ ሊቆርጠው፣ አንድ የሆነውን የ«ንት» ድምፅ ለሁለት ሊከፍለው ይችላል። እንግዲህ በአንድ መጽሐፍ ውስጥ አንዱ ቋንቋ መሰበር ተከልክሎ ይለጠጣል፤ ሌላው ያለ ቦታው ይሰበራል። ርዝመታቸውም አይመጣጠንም። በላቲን ፊደል «ኦሙንቱ» ስድስት ፊደል ነው፣ «ሰው» ሁለት፤ «ኤኪታቦ» ሰባት ነው፣ «መጽሐፍ» አራት። የግዕዝ ፊደል ሰፊ ስለሆነና ከፍ ያለ የመስመር ርቀት ስለሚሻ ልዩነቱ ይጠባል እንጂ አይጠፋም። በየመስመሩ የሚጠራቀመው ትንሽ ልዩነት በአሥረኛው ገጽ አንድ ሙሉ አንቀጽ ይሆናል።

የመማሪያ መጽሐፍ ሲሆን ሌላ ጣጣ ይጨመራል። አማርኛ ጥብቀትን በፊደል አያሳይም፤ «አለ» ተናገረም ነው፣ ኖረም ነው። ለሉጋንዳ ተናጋሪ ተማሪ ይህ መታየት አለበት፤ የእሱ አጻጻፍ ጥብቀትን አይደብቅምና። ዩኒኮድ ከ2005 ጀምሮ ከፊደሉ አናት ላይ የሚቀመጥ የጥብቀት ምልክት አለው፤ ምልክቱ ግን ቁመት ይፈልጋል። የመስመሩ ርቀት በራሱ እንዲስተካከል የተተወ ከሆነ ምልክት ያለበት መስመር ሊሰፋ ይችላል፤ ሲሰፋም የግራው ገጽ መስመሮች ከቀኙ መስመሮች ጋር መተያየታቸው ይቀራል። የመስመር ርቀቱን ከመጀመሪያው በቁጥር ወስኖ ሁሉንም በአንድ መሠረተ መስመር ላይ ማሰር ይቻላል፤ ብዙዎች ይህን የሚያስታውሱት ገጹ ከፈረሰ በኋላ ነው።

የማጣቀሻ ጉዳይ ቀለል ያለ ነው። «ገጽ 12ን ይመልከቱ» ሲባል ቁጥሩን ፕሮግራሙ ያስገባዋል፣ «ን»ን አቀናባሪው ከኋላው ይቀጥልበታል። ሉጋንዳ ትንሽ ይበልጥ ያስቸግራል፤ ሁለተኛው ገጽ «ኦሙኮ ኦግዎኩቢሪ» ሲሆን ሁለተኛው መጽሐፍ «ኤኪታቦ ኤክዮኩቢሪ» ነው፤ ተራ ቁጥሩ የስሙን መደብ ይከተላል። ለእያንዳንዱ መደብ የራሱን ቅጽ አዘጋጅቶ ማስቀመጥ ይበቃል። የቃላት ማውጫው ግን ከፕሮግራሙ ይልቅ በአማርኛ አጻጻፍ ይበደላል፤ «ፀሐይ» እና «ጸሀይ»፣ «ዓለም» እና «አለም» ሁለት ቦታ ገብተው የገጽ ቁጥራቸው ሲከፋፈል ጥፋቱ የአዘጋጁ ነው።

ከጅረቱ ችግር ለመውጣት የተለመደው መንገድ ሠንጠረዥ ነው፤ አማርኛው በአንድ ክፍል፣ ሉጋንዳው በጎኑ። አቻነቱ ይጠበቃል፤ አንዱ ሲረዝም ሌላው ይጠብቀዋል። ነገር ግን በኢንዲዛይን የሠንጠረዥ ረድፍ ለሁለት ገጽ አይከፈልም። አንቀጹ ከገጹ ቁመት ከበለጠ ጽሑፉ ይሰወራል፤ አንዲት ቀይ ነጥብ ብቻ ታመለክተዋለች፤ ቀይ ነጥቧን ያላየ አቀናባሪ ጎዶሎ መጽሐፍ ያሳትማል። ሥራው የማይቻል ስለሆነ አልተሠራም እንዳይባል ደግሞ ቴክ አለ። በእሱ ላይ የተሠራው ሬሌድፓር የተባለ ጥቅል ሁለት ጽሑፎችን በትይዩ ገጽ እያስኬደ፣ አጭሩን ለረጅሙ እያስጠበቀ ያሳትማል፤ የጥንታዊ ጽሑፍ አርታዒዎች ይሠሩበታል። በነፃ የሚሰጥ፣ በጥቂት ምሁራን ትጋት የቆመ መሣሪያ ይህን ከቻለ፣ በየወሩ ክፍያ የሚሰበስበው ፕሮግራም ያልቻለበት ምክንያት የስሌት ክብደት ሊሆን አይችልም። ሁለት ቋንቋ የሚያነብ ሰው በደንበኝነት አልተቆጠረም።

የአቀናባሪው ድርሻ የሚነሣው እዚህ ላይ ነው። በየገጹ ያልተያያዘ ሳጥን እየከፈቱ ጽሑፉን ቆርጦ መለጠፍ፣ መስመርን በመግቢያ ቁልፍ ማስገደድ፣ አዲስ ገጽ እስኪመጣ ባዶ አንቀጽ መደርደር፣ የገጽ ቁጥርን በየገጹ በእጅ መጻፍ የተስፋፉ ልማዶች ናቸው። እነዚህ ልማዶች በዚያ ዕለት ሥራውን ያስወጣሉ፤ በሁለተኛው እትም ግን መጽሐፉ እንደገና ከሀ ይጀመራል። ቋንቋ አጥኚውም ከዚህ አይነጻም፤ የድምፅና የሰዋስው ምሳሌዎቹን በክፍት ቦታ ብዛት አስተካክሎ ያስረክባል፤ ፎንቱ ሲለወጥ ከቃሉ ሥር የነበረው ፍች ወደ ጎረቤቱ ይሄዳል። በዚህ ላይ የቀድሞዎቹ ፎንቶች ውርስ አለ። የግዕዝ ፊደል በ256 ቦታ ስለማይበቃ ከዩኒኮድ በፊት የተሠሩት ፎንቶች ፊደላቱን በላቲን ፊደላት ቦታ ላይ አስቀምጠው፣ አንዳንዶቹም በሁለትና በሦስት ፎንት ከፋፍለው ይሠሩ ነበር። በዚያ አቀማመጥ ከተዘጋጁ የነጋሪት ጋዜጣ ፒዲኤፎች ጽሑፍ ቀድቶ ሌላ ቦታ የለጠፈ ሰው የሚያገኘው ትርጉም የለሽ የላቲን ፊደል ነው። እንዲህ ያለ ፋይል ከአዲስ አበባ ወደ ካምፓላ ቢላክና ፎንቱ አብሮ ባይሄድ በናስር ሮድ ማተሚያ ቤቶች የሚከፈተው አማርኛ አይሆንም። ስለዚህ በማኪንድዬ የተዘጋጀ ጽሑፍ ወደ ከተማው መሀል ወርዶ ሲታተም በፒዲኤፍ መሄዱ አስተዋይነት ነው፤ ግን ፒዲኤፍ የሞተ ገጽ ነው። በማተሚያው ደጃፍ የሉጋንዳው ስሕተት ቢታይ የሚያርም የለም፤ አማርኛው ቢሆን እዚያ የሚያነበውም ላይኖር ይችላል።

ፕሮግራሙ እስኪለወጥ ድረስ በእጅ ያለው መንገድ አድካሚ ቢሆንም የታወቀ ነው። ትርጉሙ ከመቀናበሩ በፊት አንቀጾቹ በጥንድ በጥንድ ይቆጠራሉ፤ ለሁለቱ ቋንቋዎች ሁለት የተለያዩ ሰንሰለቶች ይዘረጋሉ፤ የገጽ መለዋወጡ ምርጫና ገጽ በራሱ የሚጨመርበት ዘዴ ይዘጋሉ፤ ጥንድ ገጾች ሲጨመሩ ሁልጊዜ በሁለት ይጨመራሉ። የገጹን ማብቂያ የሚወስነው ረጅሙ ቋንቋ ነው፤ በአጭሩም በኩል የሚቀጥለው አንቀጽ በሚቀጥለው ሳጥን እንዲጀምር ይታዘዛል። በአማርኛው ገጽ ግርጌ ነጭ ቦታ ይቀራል። ብዙ አሠሪዎች ይህን ነጭ ቦታ የወረቀት ብክነት አድርገው ስለሚያዩት አቀናባሪው ፊደሉን አሳድጎ ሊሞላው ይፈተናል፤ ያን ጊዜ የመስመሩ ትይዩነት ተመልሶ ይፈርሳል። የብራናው ጸሐፊ ቢሆን ሐረግ ይስልበት ነበር።

አንድ ነገር ሳይፈታ ይቀራል፤ የገጹ ቁጥር። ፕሮግራሙ ገጽ 1ን ሁልጊዜ በቀኝ ስለሚያስቀምጠው የመጀመሪያው ጥንድ 2 እና 3 ነው፤ አማርኛው ሙሉ ቁጥር ብቻ፣ ሉጋንዳው ጎዶሎ ቁጥር ብቻ ይይዛል። ሁለቱ ገጾች ግን አንድ ጽሑፍ ናቸው። በካንሳንጋ አንዱ የዕድር አባል ደንቡን በአማርኛ፣ ጎረቤቱ በሉጋንዳ ይዘው ሲከራከሩ «ገጽ ፲፪» ቢሉ አንድ ቦታ ሊገናኙ ይገባል። ለጥንዱ አንድ ቁጥር መስጠት በፕሮግራሙ የሚቻለው እያንዳንዱን የቀኝ ገጽ ራሱን የቻለ ምዕራፍ አስመስሎ ቁጥሩን እንደገና በማስጀመር ነው፤ በመቶ ገጽ መጽሐፍ ሃምሳ ጊዜ ያህል።